ከሴሪያ ላይ አንድ ኦክስጅን ማንሳት፦ የሬር ኧርዝ ኦክሳይድ ካታሊስትን በኮምፒውተር እንዴት እናስላ?

የቤንዚን መኪና ጭስ ማውጫ ላይ፣ ወደ ሞተሩ ጠጋ ብሎ፣ ውስጡ የማር እንጀራ የሚመስል ሴራሚክ አለ። በዚያ ሴራሚክ ላይ ከተቀቡት ነገሮች አንዱ ሴሪያ ነው፤ ሴሪየም የተባለው ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚሰጠው ፈዛዛ ቢጫ ዱቄት። ሥራው የጎተራ ሥራ ነው። ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ሲተርፍ ይከትታል። ሲያንስ ከራሱ አውጥቶ ይሰጣል። መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያንን ኦክስጅን ይወስድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሴሪያው ግን አያልቅም። ካታሊስት የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሴሪየም ከሬር ኧርዝ ብረቶች ወገን ነው። ስሙ ብርቅዬ ያስመስለዋል እንጂ በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ ጋር የሚቀራረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1803 በርዜሊየስና ሂሲንገር ስዊድን ውስጥ፣ ክላፕሮት ደግሞ ጀርመን ውስጥ፣ በየፊናቸው አገኙት። ስሙ የመጣው ከሁለት ዓመት በፊት ከተገኘችው ሴሬስ ከምትባለው የሰማይ አካል ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ዲኤፍቲ፣ ማለትም ዴንሲቲ ፈንክሽናል ቲዮሪ፣ በክፍል ውስጥ ተምራችሁ አሁን በገዛ ኮምፒውተራችሁ አንድ እውነተኛ ስሌት መሥራት ለምትፈልጉ ነው። የምናሰላው ነገር አንድ ነው። ከሴሪያ ገጽ ላይ አንድ የኦክስጅን አቶም ለማንሳት ስንት ኢነርጂ ይፈጃል? ይህ ቁጥር ትንሽ ሲሆን ጎተራው በቀላሉ ይከፈታል ማለት ነው። ትልቅ ሲሆን አይከፈትም።

ከሁሉ በፊት፦ ሁለቱ ኤሌክትሮኖች

ሴሪያ ውስጥ አንድ ሴሪየም ለሁለት ኦክስጅን አራት ኤሌክትሮን ሰጥቷል። ስለዚህ «ሴሪየም አራት» እንለዋለን። የኤፍ ቤቱ፣ ማለትም ኤፍ የሚባሉት ኤሌክትሮኖች የሚያድሩበት ኦርቢታል፣ ባዶ ነው። አንድ ኦክስጅን ስታነሱ አቶሙ ብቻውን ነው የሚሄደው፤ ተቀብሏቸው የነበሩትን ሁለት ኤሌክትሮኖች ጥሎ። ሁለቱ ኤሌክትሮኖች ማደሪያ ይፈልጋሉ። እያንዳንዳቸው አንድ ሴሪየም መርጠው የኤፍ ቤቱ ውስጥ ይገባሉ። ያ ሴሪየም «ሴሪየም ሦስት» ይሆናል።

የዚህ ሥራ ነፍስ እዚህ ላይ ናት። ስሌቱ በሰላም አልቆ፣ ቁጥሩ አምሮ ወጥቶ፣ ኤሌክትሮኖቹ ግን የተሳሳተ ቦታ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ላይ ደርሷል። የመጀመሪያው ስሌቴ ቀናት ፈጅቶ አለቀና ቁጥሩን ይዤ ወደ አማካሪዬ ሄድኩ። እሱ ቁጥሩን እንኳን አላየም። «ኤሌክትሮኖቹ የት ናቸው?» ብቻ አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ተመልሼ ፋይሉን ስከፍት ሁለቱ ኤሌክትሮኖች በሁሉም ሴሪየሞች ላይ እንደ ቅባት ተቀብተው አገኘኋቸው። ማንም ሴሪየም «ሦስት» አልሆነም ነበር። ሥራውን ከዜሮ ጀመርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኢነርጂውን የማየው መጨረሻ ላይ ነው።

ምን ያስፈልጋል?

ኳንተም ኤስፕሬሶ የተባለው ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል። በሊኑክስ ላይ መጫኑ ይቀላል። ቫስፕ የሚባለውን የምትጠቀሙ ከሆነ ፈቃዱ የሚገዛ ነው፤ አካሄዱ ግን ያው ነው። ክሪስታሉን በዓይን ለማየት ቬስታ፣ አቶሞችን ለመደርደር ደግሞ ኤኤስኢ የተባለው የፓይተን ጥቅል ይበቃሉ። ሁለቱም ነጻ ናቸው።

ሱዶፖቴንሻሎችን፣ ማለትም የአቶሙን እምብርትና የውስጥ ኤሌክትሮኖች የሚተኩ ፋይሎችን፣ ኤስኤስኤስፒ ከተባለው የተፈተነ ስብስብ አውርዱ። ከየቦታው የተለቃቀመ ፋይል አትጠቀሙ። ለሴሪየም ስትመርጡ አንድ ነገር አረጋግጡ፦ የአራተኛው ሼል ኤፍ ኤሌክትሮኖች በስሌቱ ውስጥ ነጻ መሆን አለባቸው። አንዳንድ የሬር ኧርዝ ሱዶፖቴንሻሎች ኤፍን ከአቶሙ እምብርት ጋር ያስሩታል። ያ ለአንዳንድ ሥራ ይጠቅማል። ለዚህኛው ግን ከመነሻው ያበላሸዋል፤ ሁለቱ ኤሌክትሮኖች የሚገቡበት ቤት ተቆልፏልና።

ኮምፒውተሩስ? ለመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች አራት ኮር ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። ለስላቡ፣ ማለትም ገጹን ለሚወክለው ቀጭን የክሪስታል ቁራጭ፣ ስሌት ግን ላፕቶፕ ብቻውን ቀናት ሊፈጅ ይችላል። የዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ካገኛችሁ ተጠቀሙበት። መብራት የሚቆራረጥበት ቦታ ካላችሁ ደግሞ አትጨነቁ፤ አቶሞቹ ሲደላደሉ፣ ማለትም ዝቅተኛ ኢነርጂ ወዳለው ቦታቸው ሲሄዱ፣ እያንዳንዱ እርምጃ በውጤት ፋይሉ ላይ ይጻፋል። የመጨረሻውን የአቶሞች አቀማመጥ ከዚያ ቀድታችሁ ትቀጥላላችሁ። ስሌቱ በተወሰነ ሰዓት ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ ማዘዝም ይቻላል።

ብቻችሁን ከሆናችሁ አሴስማ የሚባለውን የአፍሪካ የኤሌክትሮኒክ ስትራክቸር ትምህርት ቤት ተከታተሉ። በየሁለት ዓመቱ ገደማ አገር እየቀያየረ የሚካሄድ ሥልጠና ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ ላይ ነበር። እዚያ የሚሰጠው የእጅ ሥራ ልምምድ ከብዙ ሌክቸር ይበልጣል።

ደረጃ 1፦ ክሪስታሉን አስተካክሉ

ሴሪያ የፍሎራይት ቅርጽ አለው። እያንዳንዱ ሴሪየም በስምንት ኦክስጅን ተከቧል፤ እያንዳንዱ ኦክስጅን ደግሞ በአራት ሴሪየም። በላብራቶሪ የተለካው የላቲስ ርዝመት 5.41 አንግስትሮም ነው። ትንሿ የክሪስታል ክፍል ሦስት አቶም ብቻ ስለሆነች ፈተናውን ሁሉ በሷ ላይ ሥሩት። አንዱ ስሌት በደቂቃዎች ያልቃል።

መጀመሪያ ከትኦፉን፣ ማለትም የኤሌክትሮን ሞገዶቹ የሚቆረጡበትን የኢነርጂ ጣሪያ፣ ፈትኑ። 40፣ 50፣ 60፣ 70 ሪድበርግ እያላችሁ አራት ስሌት ሥሩ። የኤሌክትሮን ጥግግት ከትኦፉን ከዚያ ከ8 እስከ 10 እጥፍ አድርጉት። ኢነርጂው መለዋወጡን ሲተው ያንን ያዙ። ኬ-ፖይንቱንም፣ ማለትም ስሌቱ የክሪስታሉን ኤሌክትሮኖች የሚያይበትን የነጥቦች መረብ፣ እንዲሁ፦ 4 በ4 በ4፣ ከዚያ 6 በ6 በ6። ልዩነቱን ጻፉት። ይህ ፈተና አሰልቺ ነው፤ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚቆመው በሱ ላይ ነው።

ቀጥሎ የላቲሱን ርዝመት ከ5.35 እስከ 5.60 በ0.05 እየጨመራችሁ ኢነርጂውን አስሉ። ነጥቦቹን ስታገናኙ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ኩርባ ይወጣል። የሳህኑ ወለል የእናንተ ላቲስ ነው። በፒቢኢ ፈንክሽናል፣ ማለትም ዲኤፍቲ የኤሌክትሮኖችን መስተጋብር በሚገምትበት በተለመደው ቀመር፣ ከ5.46 እስከ 5.50 አካባቢ ታገኛላችሁ። ከላብራቶሪው ቁጥር ትንሽ ይበልጣል። አትደንግጡ፤ የፒቢኢ ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣ ጀምሮ ክሪስታልን በጥቂቱ እንደሚለጥጥ ይታወቃል።

ከዚህ በኋላ የምትጠቀሙት ግን የራሳችሁን ላቲስ ነው እንጂ 5.41ን አይደለም። የሌላ ሰው ልብስ እንደ መልበስ ይሆናል። ስላቡ ገና ሲጀመር ተጨምቆ ይቀራል፤ ያ ጭምቀት ደግሞ ሳታውቁት የኦክስጅኑ ኢነርጂ ውስጥ ይገባል።

ደረጃ 2፦ ዩ

ተራ ፒቢኢ የኤፍ ኤሌክትሮንን አንድ ቦታ ማስቀመጥ ይቸግረዋል። ኤሌክትሮኑ ከራሱ ጋር የሚጋጭ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይበትነዋል። የሀባርድ ዩ የሚባለው ጭማሪ ይህንን ያርማል። በኤፍ ቤት ውስጥ በግማሽ ተከፋፍሎ መኖርን ውድ ያደርገዋል። ኤሌክትሮኑ ወይ ሙሉ በሙሉ ይገባል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይወጣል።

ለሴሪያ ከፒቢኢ ጋር ብዙ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት ከ4.5 እስከ 5 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ለጀማሪ 5 ይሁን። ኳንተም ኤስፕሬሶ ላይ ከ7.1 ቁጥር እትም ጀምሮ ዩ የሚጻፈው ሀባርድ በሚባል የራሱ ክፍል ነው። የቆዩ ምሳሌዎችን ከኢንተርኔት ከቀዳችሁ አይሠሩላችሁም። አብሮ የሚመጣው ኤችፒ የተባለ ፕሮግራም ዩን ራሱ ያሰላላችኋል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ ሞክሩት።

ዩን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ሁሉን የሚያስማማ አንድ ቁጥር የለም። ኤሌክትሮኑን ቦታው ላይ ለመያዝ 4.5 ወይም 5 ይሻላል። የኦክሳይዱን የሪአክሽን ኢነርጂ ከላብራቶሪ ጋር ለማቀራረብ ግን ከ2 እስከ 3 ያለው ይቀርባል። ዩ ከፍ ሲል ኦክስጅን የማንሻው ኢነርጂ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የመረጣችሁትን ቁጥር በግልጽ ጻፉ፤ ከመጀመሪያው ስሌት እስከ መጨረሻው አትቀይሩት። የሁለት የተለያዩ ዩ ኢነርጂዎች መቀናነስ የለባቸውም። ትርጉም የላቸውም። ላቲሱንም ዩ ከገባ በኋላ አንድ ጊዜ ደግማችሁ አስሉ።

ደረጃ 3፦ ስላቡን ቁረጡ

ካታሊስት የሚሠራው በገጹ ነው። ከሴሪያ ገጾች ሁሉ የተረጋጋው 111 የሚባለው ነው። ከጎን ስታዩት ኦክስጅን፣ ሴሪየም፣ ኦክስጅን እያለ እንደ ሳንድዊች ይደረደራል። ሦስት ሳንድዊች ይበቃል። ወደ ጎን ሁለት በሁለት ስታሰፉት 12 ሴሪየምና 24 ኦክስጅን ይሆናል፤ በድምሩ 36 አቶም።

ልኩን በእጅ አረጋግጡ። ላቲሳችሁ 5.49 ከሆነ ለ1.414 አካፍሉት፤ 3.88 ይመጣል። ሁለት በሁለቱ እንግዲህ 7.76 አንግስትሮም ስፋት አለው። ከአንዱ ሳንድዊች ወደ ሌላው ያለው ርቀት ደግሞ 5.49 ለ1.732 ነው፤ 3.17። ፋይላችሁ ላይ እነዚህን ካላገኛችሁ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

ከዚያ ቬስታ ላይ ክፈቱትና ከላይም ከታችም ኦክስጅን መሆኑን እዩ። መቁረጫው በአንድ ረድፍ ከተዛነፈ ከላይ ራቁቱን የቀረ ሴሪየም ይመጣል። ያ ገጽ የተረጋጋ አይደለም፤ ስሌቱም አይረጋም። ይህን ስህተት ለማግኘት አምስት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ያላዩት ግን ሳምንት ያጣሉ።

ከስላቡ በላይ 15 አንግስትሮም ባዶ ቦታ ተዉ። የታችኛውን ሳንድዊች ባለበት እሰሩት፤ የክሪስታሉን ሆድ እሱ ይወክላል። የላይኞቹ ሁለቱ ይደላደሉ። ኬ-ፖይንት 2 በ2 በ1 ይጀመርበታል። ይህ ሙሉው ስላብ ነው። ኢነርጂውን መዝግቡ።

ደረጃ 4፦ የኦክስጅን ሞለኪውል

አጭር ናት፤ ግን ሁለት ወጥመድ አለባት። አንደኛ፣ የኦክስጅን ሞለኪውል ሁለት ጥንድ የሌላቸው ኤሌክትሮኖች አሉት። ስፒን መክፈትና ጠቅላላ ማግኔታይዜሽኑ 2 መሆኑን ማረጋገጥ ግድ ነው። ዜሮ ከወጣ ኢነርጂው ስህተት ነው። 15 አንግስትሮም ስፋት ያለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት፤ አንድ ኬ-ፖይንት ይበቃዋል። ሱዶፖቴንሻሉና ከትኦፉ ከስላቡ ጋር አንድ ይሁኑ።

ሁለተኛው ወጥመድ የፒቢኢ ነው። ሁለቱን ኦክስጅኖች ከእውነቱ በላይ አጥብቆ ያስራቸዋል። እውነተኛው የማሰሪያ ኢነርጂ 5.2 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሲሆን ፒቢኢ ከ6 በላይ ይሰጣል። እኛ ግማሽ ሞለኪውል ስለምንጠቀም ስህተቱ ግማሽ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይሆናል። ቀላል አይደለም። ማለፊያ መንገድ አለ፦ ኦክስጅንን በቀጥታ ከማስላት ይልቅ የውሃንና የሃይድሮጅንን ሞለኪውል አስሉ። ሃይድሮጅን ተቃጥሎ የውሃ ተን ሲሆን በላብራቶሪ የተለካው ሙቀት በሞል 241.8 ኪሎ ጁል ነው፤ 2.51 ኤሌክትሮን ቮልት። የውሃው ኢነርጂ ሲቀነስ የሃይድሮጅኑ፣ ሲደመር 2.51 ለግማሽ ኦክስጅን የተሻለ ግምት ይሰጣል። ሁለቱንም አስሉና ጎን ለጎን ጻፏቸው።

ደረጃ 5፦ ኦክስጅኑን አንሱ

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደረስን። ቸኩላችሁ አትለፉት።

ከስላቡ የላይኛው ገጽ አንድ ኦክስጅን ሰርዙ። በዙሪያው ሦስት ሴሪየም አሉ። ብዙ ሰው ሁለቱ ኤሌክትሮኖች ወዲያው ጎረቤት ሴሪየሞች ላይ ይገባሉ ብሎ ያስባል። ለብዙ ዓመት መጻሕፍትም እንዲያ ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ጋንዱሊያ-ፒሮቫኖ፣ ዳ ሲልቫና ሳወር ባወጡት ስሌት ግን ኤሌክትሮኖቹ ከክፍተቱ አንድ እርምጃ ራቅ ብለው ሁለተኛ ጎረቤት ላይ መቀመጥን ይመርጣሉ። ምክንያቱም ቀላል ነው። ሴሪየም ሦስት ከሴሪየም አራት ይወፍራል፤ 1.14 አንግስትሮም ከ0.97 ጋር። ወፍራሙ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። የክፍተቱ ዳር ያሉት ሴሪየሞች ደግሞ ወደ ቀሩት ኦክስጅኖች ይጠጋሉ፤ ስለዚህ እዚያ ጥብብ ይላል።

ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹን ራሱ ኮምፒውተሩ ያስቀምጣቸው ብላችሁ አትተዉት። እናንተ ቦታ ስጧቸው፤ ብዙ አማራጭ ሞክሩ፤ ዝቅተኛውን ኢነርጂ ያዙ። አሠራሩ እንዲህ ነው።

በግብዓት ፋይሉ ውስጥ ሴሪየምን በሁለት ስም ጻፉት። አንዱ ስም ለተራው ሴሪየም፣ ሌላው ስም ኤሌክትሮን ለምትሰጧቸው ለሁለቱ። ሱዶፖቴንሻሉ አንድ ነው። ለሁለተኛው ስም ብቻ መነሻ ማግኔታይዜሽን ስጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዩን ለመጀመሪያው ስም ብቻ ጽፎ ሁለተኛውን በመርሳት ነው። ያን ጊዜ ዩ በጣም የሚያስፈልጋቸው ሁለቱ ሴሪየሞች ያለ ዩ ይቀራሉ። ለሁለቱም ስም ጻፉ። ሙሉው ስላብ ላይም ሁሉም ሴሪየም ያው ዩ ይኑረው።

ይህ ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። ኤሌክትሮኑ የሚገባበት ጉድጓድ ገና አልተቆፈረምና ሊሸሽ ይችላል። እኔ ከሞከርኳቸው ሁሉ የምወደው መንገድ የላንታነም መንገድ ነው። ኤሌክትሮን እንዲገባባቸው የመረጣችኋቸውን ሁለት ሴሪየሞች ለጊዜው በላንታነም ተኩ። ላንታነም ሁልጊዜ «ሦስት» ነው፤ ውፍረቱም ከሴሪየም ሦስት ጋር ይቀራረባል። አንድ ኦክስጅን ወጥቶ ሁለት ላንታነም ሲገባ ሂሳቡ ይዘጋል፤ ትርፍ ኤሌክትሮን የለም። ስለዚህ ስሌቱ ያለ ችግር ይረጋል። አቶሞቹን አደላድሉ። በላንታነሞቹ ዙሪያ ያሉት ኦክስጅኖች ገለል ሲሉ ታያላችሁ። ጉድጓዱ ተቆፈረ። አሁን ላንታነሞቹን አውጡና ሴሪየሞቹን መልሱ፤ መነሻ ማግኔታይዜሽን ጨምራችሁ እንደገና አደላድሉ። ኤሌክትሮኖቹ የተዘጋጀላቸው ቦታ ላይ ይገባሉ።

ስሌቱ እየተንገዳገደ አልረጋ ካለ የማደባለቂያውን ቁጥር ወደ 0.2 አውርዱ። የድግግሞሹን ብዛት ወደ 200 አሳድጉ። ሲሜትሪ የሚለውን አጥፉ፤ ሲሜትሪ ሁለት ሴሪየሞችን እኩል ናችሁ ካላቸው ኤሌክትሮኑን እኩል ያካፍላቸዋል።

ደረጃ 6፦ ኤሌክትሮኖቹ የት ናቸው?

ኢነርጂውን ገና አትዩ። የውጤት ፋይሉን ክፈቱና ወደ ታች ውረዱ። ኳንተም ኤስፕሬሶ ዩ ለተሰጠው ለእያንዳንዱ አቶም ሦስት ቁጥር በአንድ መስመር ይጽፋል፦ ወደ ላይ የሚሽከረከሩ፣ ወደ ታች የሚሽከረከሩ፣ ድምር። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ቀንሱ። ዜሮ አጠገብ ከሆነ ያ ሴሪየም አራት ነው። 1 አጠገብ ከሆነ ሴሪየም ሦስት ነው። ድምሩ ለሴሪየም አራት ድፍን ዜሮ ባይሆን አይግረማችሁ፤ ከኦክስጅኑ ጋር በሚጋራው ትስስር ምክንያት ነው። የምትፈልጉት ልዩነቱን ነው።

ሁለት አቶም ላይ 1 አጠገብ፣ አሥሩ ላይ ዜሮ አጠገብ ካገኛችሁ ተሳክቷል። ጠቅላላ ማግኔታይዜሽኑም 2 ይሆናል። አራት አቶም ላይ ግማሽ ግማሽ ካያችሁ ያ ውጤት አይደለም። ጣሉት።

ሌላ ማረጋገጫም ጨምሩ። ሴሪየም ሦስት ከተባለው አቶም እስከ ዙሪያው ኦክስጅኖች ያለውን ርቀት በቬስታ ለኩ። ከሌሎቹ ረዘም ማለት አለበት። የዴንሲቲ ኦፍ ስቴትስ ግራፉን ሥሩ፤ በኦክስጅኑ ባንድና በባዶው የኤፍ ባንድ መካከል አንዲት ቀጭን ጫፍ ለብቻዋ ትቆማለች። እሷ የሁለቱ ኤሌክትሮኖች ቤት ናት። የስፒን ጥግግቱን በቬስታ ስትስሉት ደግሞ ሁለት ሴሪየሞች ላይ አበባ የሚመስሉ የኤፍ ቅርጾች ይወጣሉ። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ልኬያለሁ።

ደረጃ 7፦ ሂሳቡ

ክፍተት ያለው ስላብ ኢነርጂ፣ ሲደመር ግማሽ የኦክስጅን ሞለኪውል፣ ሲቀነስ ሙሉው ስላብ። በቃ። ኳንተም ኤስፕሬሶ በሪድበርግ ስለሚሰጥ በ13.606 አባዙት። ልዩነቱ 0.17 ሪድበርግ ቢመጣ 2.31 ኤሌክትሮን ቮልት ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ የሦስተኛዋ አሥርዮሽ ቁጥር ራሷ ዋጋ አላት፤ 0.001 ሪድበርግ 0.0136 ኤሌክትሮን ቮልት ናት። ቁጥሮቹን ስትቀዱ አታጠጋጉ።

በፒቢኢና በ5 ዩ ለ111 ገጽ የሚጠበቀው ባብዛኛው ከ2 ትንሽ ከፍ ያለ ነው። 3ን ካለፈ ኤሌክትሮኖቹን ተጠራጠሩ፤ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ። አሉታዊ ከመጣ ምናልባት የኦክስጅኑ ሞለኪውል ላይ ተሳስታችኋል።

አሁን ይህንኑ ለሌላ ቦታ ድገሙት። ከላይኛው ኦክስጅን ይልቅ ከሴሪየሙ ሥር ያለውን ሁለተኛ ረድፍ አንሱ። በዚህ ዘዴ የተሠሩ ስሌቶች ከሥር ያለው ክፍተት ከላይኛው ይልቅ በጥቂቱ እንደሚቀል ያሳያሉ። እናንተም ልታዩት ይገባል።

ሁለት በሁለቱ ስላብ ላይ ግን አንድ ጥበት አለ። ከላይኛው ረድፍ አራት ሴሪየም ብቻ ነው ያለው። ሦስቱ የክፍተቱ ጎረቤት ናቸው። ሁለተኛ ጎረቤት የሚሆን አንድ ብቻ ይቀራል። ኤሌክትሮኖቹ ደግሞ ሁለት ናቸው። በተጨማሪም ከአራት የገጽ ኦክስጅን አንዱን ማንሳት ሩብ ማንሳት ነው፤ ክፍተቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። መለማመጃ ነው እንጂ ለሕትመት አይበቃም። ለሕትመት ሦስት በሦስት አድርጉት፦ 81 አቶም፣ በላይኛው ረድፍ ዘጠኝ ሴሪየም፣ ስድስቱ ከጎረቤትነት ነጻ። ለዚህ ሰርቨር የግድ ነው።

ወደ ሌሎቹ ሬር ኧርዞች ስትሄዱ

ሁሉም እንደ ሴሪየም አይደሉም፤ ይህን ሳያውቁ አንዱን መመሪያ ለሁሉ መጠቀም ያሳስታል። ላንታነም ኦክሳይድ ላይ ያው አካሄድ ይሠራል፤ ግን የምታገኙት ቁጥር እጅግ ትልቅ ነው። ላንታነም ትርፍ ኤሌክትሮን የሚያሳድርበት የቀረበ ቤት የለውም። ካታሊስትነቱም የሚመጣው ከጎተራነት ሳይሆን ከቤዝነቱ ነው። ሚቴንን ወደ ኤቴን ለመቀየር የሚሞከረው በዚያ ነው። እሱን ስታሰሉ ከክፍተት ይልቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ገጹ ላይ እንዴት እንደሚጣበቁ እዩ። አየር ላይ ቢቀመጥ ሁለቱንም ይስባልና።

ፕራሲዮዲሚየም ከሴሪየም ወገን ነው፤ በሦስትና በአራት መካከል ይመላለሳል፤ ኦክስጅኑን በቀላሉ ይሰጣል። ግን የኤፍ ቤቱ ከመጀመሪያውም ባዶ ስላልሆነ መነሻ ማግኔታይዜሽን ለሁሉም አቶሞች መስጠት አለባችሁ። ከሴሪያ በፊት አትሞክሩት።

ላንታነም ወይም ጋዶሊኒየም የተቀላቀለበት ሴሪያ ልታሰሉ ከሆነ ሂሳቡን አስቡ። አንድ ላንታነም ብቻ ብታስገቡ አንድ ኤሌክትሮን ይጎድላል፤ ኦክስጅኖቹ ላይ ቀዳዳ ይፈጠራል። ሁለት አስገብታችሁ አንድ ኦክስጅን ስታነሱ ግን ሂሳቡ ይዘጋል፤ ያ የላንታነም መንገድ ላይ ያየነው ነው። ትክክለኛው መነሻ ስላብ ይህ ነው። ጎተራውን መለካት ከፈለጋችሁ ከዚህ ላይ ሁለተኛ ኦክስጅን አንሱ፤ ሁለቱ ኤሌክትሮኖች ወደ ሴሪየሞቹ የሚገቡት ያን ጊዜ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድን ማምጣት

ቁጥራችሁ ከረጋ ወደ መኪናው ጭስ መመለስ ይቻላል። አካሄዱ ማርስና ቫን ክሬቨለን እ.ኤ.አ. በ1954 ያስቀመጡት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ገጹ ላይ ያርፋል፤ የገጹን ኦክስጅን ወስዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል፤ ክፍተቱን ከአየር የመጣ ኦክስጅን ይሞላዋል። ሦስቱን ጣቢያዎች አንድ በአንድ አደላድሉና ኢነርጂያቸውን በመስመር ሳሉ። በመካከል ያለውን ኮረብታ ለማግኘት ኔብ የሚባለው ዘዴ አለ፤ ሰባት ያህል መካከለኛ ሥዕሎች ያስፈልጉታል።

ኔብ ስትጀምሩ መነሻው ላይ ሁሉም ሴሪየም አራት ነው፤ መድረሻው ላይ ሁለቱ ሦስት ሆነዋል። በመንገዱ ላይ ኤሌክትሮኖቹ የሚገቡበት ሥዕል አለ። ፕሮግራሙ ሲጨርስ የሰባቱንም ሥዕሎች የውጤት ፋይል ክፈቱ። በእያንዳንዱ ላይ የላይና የታች ልዩነቱን ቀንሱና በሠንጠረዥ ጻፉ፤ ሥዕል 1፣ ሴሪየም በሴሪየም። ከሥዕል ወደ ሥዕል ኤሌክትሮኑ ከአንድ ሴሪየም ወደ ሌላ ያለ ምክንያት ከዘለለ ኮረብታው የሪአክሽኑ አይደለም። ያንን ሥዕል በላንታነም መንገድ አዘጋጁትና ኔቡን ከዚያ ቀጥሉ።